ያ የፍሎሪዳ ቤት ጎንደር ላይ ይሰራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፈው ከጎንደር ማራኪ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ቤት ልጀምር ነው እግዜር ካለ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፍሎሪዳ ውስጥ ሳራሶታ በሚባል የባህር ዳርቻ ከተማ ያለ ቤት ፎቶ ላከልኝ፣ ዣንጥላ ቤት ነው የሚሉት፣ ጣሪያው ዝርግ ግድግዳው መስታወት፣ ከላይ ደግሞ የእንጨት ርብራብ እንደ ዳስ ተዘርግቶበታል። ባለቤቴ ሌላ አላይም ብላለች፣ ኮንትራክተሩ ግን ሳቀብን። ይሰራል አይሰራም?

መልስ፦ ወንድሜ ኮንትራክተርህ መሳቁ ባያምርም ግማሹን ልክ ነው። ቤቱን ፖል ሩዶልፍ የሚባል አርክቴክት ነው በ1953 (እ.ኤ.አ.) የሰራው፣ እዛ ሀገር ደግሞ በጋው ወበቅ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ሙቀቱ ብዙ አይለያይም፣ ስለዚህ ሙቀት ይዞ የሚያድር ወፍራም ግድግዳ ጠላት ነው። መፍትሄው ቤቱን ማሳሳት፣ ግራና ቀኝ ሉቨር መስኮት (ጠባብ ተደራራቢ ሰሌዳዎቹ የሚከፈቱ) ማድረግና ንፋሱ በመሀል እንዲያልፍ መተው ነበር። ርብራቡም ለውበት ብቻ አይደለም፣ ፀሐይዋን ጣሪያው ጋር ሳትደርስ ይቀበላታል፣ በርብራቡና በጣሪያው መሀል ያለውን ሙቀት ደግሞ ንፋስ ይወስደዋል።

ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ቀን ሸሚዝ ማታ ጋቢ ነው ያው ታውቀዋለህ። አራቱንም ጎን መስታወት ካደረግከው ሰባት ሰዓት ላይ ትቀቀላለህ፣ ሌሊት ደግሞ ትንቀጠቀጣለህ። ፋሲል ግቢ በጠራራ ፀሐይ ሄደህ ግንቡ ውስጥ ስትገባ የሚቀበልህን ቅዝቃዜ አስበው፣ የወፍራም ድንጋይ ስራ ነው። አንተም ምዕራቡን በድንጋይ ወይ ወፈር ባለ ግድግዳ ዝጋው፣ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስልሃል፣ መስታወቱን ወደ ደቡብ ሰብስበው።

ለምን ደቡብ? በእኛ ኬክሮስ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው፣ የቀረውን ጊዜ በደቡብ። 2 ሜትር ቁመት ያለው የደቡብ መስኮት ልክ ከአናቱ 70 ሳንቲም ወጣ ያለ ጥላ ብታደርግለት በመጋቢት ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሙሉ ለሙሉ ይጋረዳል፣ በታኅሣሥ ብርድ ግን ግማሽ ያህሉ ፀሐይ ይገባበታል። ይሄ እኮ ነፃ ማሞቂያ ነው! ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ግን ይሄ ጥላ ዋጋ የለውም ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ፣ እዛ የቆመ ርብራብ ወይ ዛፍ ነው የሚያዋጣው።

ርብራቡን ከፈለጋችሁት በረንዳው ላይ ብቻ ይሁን፣ ባለቤትህም ትደሰታለች። በባህር ዛፍ አታሰራው ይጣመማል፣ ቱቦላሬ ይሻላል፣ በደንብ ይታሰር ደግሞ፣ የሳራሶታውን እራሱ በ1966 (እ.ኤ.አ.) አውሎ ነፋስ አበላሽቶት ነው በኋላ እንደገና የተሰራው። ዝርግ ጣሪያውን ግን እኔ አልመክርህም፣ የጎንደርን ሐምሌና በረዶውን ታውቃለህ፣ ግድ ካላችሁ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ተዳፋት ይኑረው፣ የውሃ መውረጃውም ከአንድ በላይ ይሁን፣ አንዱ በቅጠል ሲደፈን ጣሪያህ ላይ ኩሬ ነው የሚሰራልህ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከፒያሳ ነኝ። ከብረት ዘንግና ከአንድ ቁራጭ ቆዳ የሚሰራ ቢራቢሮ የሚመስል ወንበር ፎቶ አይቼ ወደድኩት፣ እዚህ የሚሰራልኝ አገኛለሁ? ለበረንዳዬ ነው።

መልስ፦ እህቴ ቢኬኤፍ ይባላል፣ ቦነስ አይረስ ውስጥ ሦስት አርክቴክቶች በ1938 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ነው፣ ስሙም የሦስቱ ስም መጀመሪያ ፊደል ነው። አሰራሩ ተራ ነው፣ የታጠፈ ዘንግ ተበይዶ አራቱ ጫፎቹ ላይ ቆዳው እንደ ኪስ ይሰካል። ጎበዝ በያጅ ይሰራዋል፣ ፌሮ ሳይሆን ለስላሳውን ዘንግ ይጠቀምና ብየዳውን በደንብ ሞርዶ አንቲረስት ይቀባው። ቆዳው ላይ ግን አትሰስቺ፣ ያያቶቻችን የጠፍር አልጋ የበሬ ቆዳ የሆነው በምክንያት ነው፣ የበግ ቆዳ ቶሎ ይለጠጥና ወለሉን ይነካል። አራቱ ኪሶች ድርብ ይሁኑ፣ ክብደቱ በሙሉ እነሱ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆዳውን አውልቀሽ አስገቢው፣ ብረቱ ይቆይ።

ስድስት ከማዘዝሽ በፊት ግን መጀመሪያ አንድ ብቻ አሰርተሽ እናትሽን አስቀምጫቸው፣ ጥልቅ ስለሆነ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፣ ለመነሳት ግን ሰው መጥራት ሊያስፈልጋቸው ነው።