ካህን መጥራት ሞት መጥራት ነው ወይ? ንስሐስ በስልክ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። እኔ ዱባይ ሰው ቤት የምሠራ ካቶሊክ ነኝ። ንስሐ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። እንግሊዝኛውም ዐረብኛውም ለኑዛዜ የሚበቃ የለኝም። አገር ቤት ያሉትን አባ በዋትሳፕ ደውዬ ብናዘዝ ይቆጠርልኛል? ደግሞስ ይነገርብኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ሌላው፣ እናቴ አዲስ አበባ ወንድሜ ቤት ሆና የኩላሊት እጥበት እያደረገች ነው። ካህን ጠርታችሁ ቀንዲል አስቀቧት ስላቸው ዘመዶቼ «ገና በሕይወት እያለች ልትቀብሪያት ነው ወይ?» ብለው ተቆጡኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እናትሽንም እግዚአብሔር ይማራት።

ከእናትሽ ልጀምር፤ በሽታ ቀጠሮ አይሰጥም። ዘመዶችሽ የተቆጡት ክፉ አስበው አይመስለኝም። የፈሩት ነገር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ቀንዲል ካህን ለታመመ ሰው እየጸለየ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢር ነው። በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በምዕራቡ የሮም ሥርዓት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ይህ ቅባት ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ቆየ፤ ስሙም «የመጨረሻ ቅባት» ተባለ። ካህን ዘይት ይዞ ደጅ ላይ ሲታይ ቤተሰቡ ማልቀስ ይጀምራል። ይህ ፍርሃት ወደ እኛም ቤት ገባ፤ ዛሬም አልወጣም። «አባ መጥተዋል» ሲባል በሽተኛው ራሱ ደንግጦ «በቃ፣ አለቀልኝ ማለት ነው» የሚልበት ቤት ብዙ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችም። የትሬንት ጉባኤ በ1551 ይህ ቅባት ለሕሙማን ሁሉ፣ በተለይም ለሕይወታቸው ለሚያሰጋቸው መሆኑን ተናገረ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው፤ ምሥጢሩ በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው ከበሽታ ወይም ከእርጅና የተነሣ አደጋ ውስጥ መግባት ሲጀምር ያኔውኑ ትክክለኛው ጊዜ እንደደረሰ አስታወቀ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ደግሞ በ1972 የላቲኑን ሥርዓት በዚሁ መንፈስ አደሱት። ይሄው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን አሁንም እስትንፋስ እስኪቆራረጥ እንጠብቃለን። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሐዋርያው ያዕቆብ የጻፈውን ለወንድምሽ አንብቢለት። «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ፤ በጌታም ስም እርሱን ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት» ይላል (ያዕ. 5፥14)። ልብ በይ፣ የሚጠራው በሽተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ አፉ ገና አልተያዘም፣ አእምሮውም አብሮት ነው። ቀጥሎም የእምነት ጸሎት ድውዩን እንደሚያድን፣ ጌታ እንደሚያስነሣው፣ ኃጢአትም ቢኖርበት እንደሚሰረይለት ይናገራል። እዚህ ውስጥ ስለ ቀብር የተነገረ አንድም ነገር የለም። ከዘመዶችሽ መካከል ኦርቶዶክሶች ካሉም በዚህ አትለያዩም፤ ምሥጢረ ቀንዲል በእነሱም ዘንድ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው።

እናትሽ ምን ታገኛለች? በመጀመሪያ ብርታት። የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ቤት ከዋልሽ ታውቂዋለሽ፤ ከማሽኑ ተነሥቶ ሲመጣ ሰውነቱ ዝሏል፣ ውኃ እንኳ እየተለካ ነው የሚጠጣው፣ ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣዋል። ቅባቱ ለዚህች ሴት ነው። ሕመሟን ከክርስቶስ ሕመም ጋር ያጣምረዋል፣ ልቧን ያረጋጋዋል፣ መናዘዝ ካልቻለች ኃጢአቷንም ያስተሠርይላታል። ለነፍሷ የሚበጅ ከሆነ ሥጋዋም ይፈወሳል። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ ቃሌን እየመረጥኩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የሥጋ ፈውስን ትለምናለች እንጂ ውል አትፈርምም። ስለዚህ ከተቀባች በኋላ «ተፈውሳለች» ብሎ እጥበቱን የሚያስቀር ዘመድ ካለ ዛሬውኑ አቁሚው። እጥበቱም መድኃኒቱም እንዳለ ይቀጥላል። ሐኪምን ትቶ እግዚአብሔርን መፈታተን እምነት አይባልም።

ደግሞ አንዴ ከተቀባች በቃ አይደለም። ተሽሏት እንደገና ከታመመች ወይም ሕመሙ ከባሰባት ዳግመኛ ትቀባለች። ከበድ ያለ ቀዶ ጥገና በፊትም መቀባት ተገቢ ነው። ራሷን ብትስት እንኳ ካህኑ ሊቀቧት ይችላሉ፤ ነቅታ ቢሆን ኖሮ ትፈልገው ነበር ተብሎ ይታሰብላታል። ግን ለምን እስከዚያ ይጠበቃል? አሁን ብትቀባ ትናዘዛለች፣ ትቆርባለች፣ አብራ ትጸልያለች። እንዲያውም ለሚሞት ሰው የመጨረሻው ምሥጢር ቅዱስ ቁርባን ነው፤ ለመንገዱ ስንቅ የሚባለው እሱ ነው። ቀንዲል ለበሽታው ዘመን የተሰጠ ነው።

አሁን ወደ አንቺ።

በስልክ አይሆንም። ቪዲዮም ቢሆን ያው ነው። ምሥጢራት በአካል ነው የሚፈጸሙት፤ ቫቲካን በ2002 ባወጣችው ሰነድ በኢንተርኔት ላይ ምሥጢር እንደሌለ በግልጽ ጽፋለች። በ2020 ኮሮና በከፋበት ጊዜ፣ ሰው ቤተሰቡን እንኳ ሳይሰናበት በሚሞትበት ሰዓት፣ ቫቲካን ለካህናት የፈቀደችው ሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ እንደ አስፈላጊነቱም በድምፅ ማጉያ፣ ለታማሚዎቹ በጅምላ ሥርየት እንዲሰጡ ነበር። ያን ያህል በጨነቀ ጊዜ እንኳ ካህኑ እዚያው ደጅ ላይ መገኘት ነበረባቸው። አገር ቤት ያሉትን አባ ግን ደውለሽ ምክር ጠይቂያቸው፣ ጸልዩልኝ በያቸው፤ ይሄ ይቻላል፣ ጥሩም ነው። ሥርየቱን ብቻ አትጠብቂ። ዝርዝሩንም በስልክ አትናገሪ፤ ስልክ ማን እንደሚሰማው አይታወቅም።

ደስ የሚለው ነገር አንቺ ካህን በሌለበት አገር አይደለሽም። ዱባይ ውስጥ ቅድስት ማርያም የምትባል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለች። የላቲን ሥርዓት ናት፤ አንቺ የግእዝ ሥርዓት (የአገራችን ካቶሊኮች ሥርዓት) ብትሆኚም እዚያ መናዘዝ ሙሉ መብትሽ ነው። የእኛ አገር ሰው የንስሐ አባትን አንዴ ከያዘ እሱን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በካቶሊክ ሥርዓት ግን ሥልጣን ያለው ማንኛውም ካህን ይበቃሻል። እንዲያውም ጭራሽ የማያውቁሽ ካህን ቢሆኑ ለአንዳንድ ሰው ይቀላል።

ቋንቋውስ? ብዙ እህቶቻችን በዚህ ምክንያት ዓመታት እንደሚያልፉ አውቃለሁ፤ መፍትሔ ስላለው ግን ዘርዘር ላድርገው። የቤተ ክርስቲያን ሕግ በአስተርጓሚ መናዘዝን ይፈቅዳል፤ አስተርጓሚዋም እንደ ካህኑ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። የምታምኛት፣ እንግሊዝኛ የምትችል እህት ካለችሽ ይዘሻት ግቢ። ሦስተኛ ሰው ፊት መናገር ከከበደሽ ግን ማንም አያስገድድሽም። ኃጢአትሽን በአጭሩ በአማርኛ ጻፊና በስልክሽ አስተርጉመሽ ወደ ወረቀት ገልብጪው፤ ሄደሽ «እንግሊዝኛ አልችልም፣ ጽፌ መጥቻለሁ» በያቸው። ከጨረስሽ በኋላ ወረቀቱን ቅደጂው፣ ስልኩ ላይ ያለውንም አጥፊው። ማዳም እጅ እንዳይገባ።

ምን ያህል ልናገር ትዪ ይሆናል። ከባድ ከባዱን፣ ምን እንደሆነና በግምት ስንት ጊዜ እንደሆነ። ታሪኩን ሁሉ መተረክ የለብሽም። የሌላ ሰው ስም አታንሺ፣ የማዳምን ጥፋትም አትቁጠሪ፤ ያን ቀን የሚነገረው ያንቺ ብቻ ነው። የንስሐ ጸሎቱ ከጠፋብሽ በራስሽ ቃል «ጌታ ሆይ በድያለሁ፣ ተጸጽቻለሁ፣ እርዳኝ አልመለስበትም» በይ። የሰው ገንዘብ ወይም ዕቃ ወስደሽ ከሆነ እንዴት እንደምትመልሺ ካህኑ ይነግሩሻል፤ ሳይመልሱ ይቅርታ ብቻ መፈለግ አያስኬድም።

ይነገርብኛል ላልሽው። አይነገርም። በ1215 የተካሄደው አራተኛው የላተራን ጉባኤ የኑዛዜን ምሥጢር የሚያወጣ ካህን ከክህነት አገልግሎቱ ተወግዶ ዕድሜውን በገዳም በንስሐ እንዲጨርስ ወስኖ ነበር። ዛሬም በላቲኑም በምሥራቅ ካቶሊኮችም ሕግ ቅጣቱ ውግዘት ነው። ካህኑ በቃል ቀርቶ በምልክትም፣ በፊት ገጽታም ሊያሳውቅብሽ አይችልም፤ ከኑዛዜሽ ያወቀውን አንቺን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበትም አይችልም። ፕራግ ውስጥ በ1393 ወንዝ ውስጥ ተጥሎ የተገደለ ዮሐንስ ዘኔፖሙክ የሚባል ካህን ነበር፤ በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ የንግሥቲቱን ኑዛዜ ንገረኝ ሲለው አልናገርም ብሎ ነው የሞተው። ቤተ ክርስቲያን ለእንዲህ ያለ ካህን ነው መሠዊያ የምታቆመው።

የሠራሽውን አልጠይቅሽም፤ ለእኔ መንገርም የለብሽም። ግን ብዙ ሴቶች አንድ ነገር ይዘው በፍርሃት ስለሚኖሩ ለሁሉም ልጻፈው። ፅንስ ማስወረድ ከሆነ፣ ከባድ ኃጢአት ነው፤ ይቅር የማይባል ግን አይደለም። ድሮ ብዙ ቦታ ይህን ለመፍታት የጳጳስ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ግን የምሕረት ኢዮቤልዩ የተባለው ልዩ የምሕረት ዓመት ሲያበቃ በኅዳር 2016 ካህናት ሁሉ መፍታት እንዲችሉ ሥልጣኑን ሰጡ። ስለዚህ ያገኘሻቸው ካህን ይበቃሉ። «ይህን ሲሰሙ አባ ምን ይሉኝ ይሆን» አትበዪ። ኑዛዜ ሲሰሙ የኖሩ ካህን አዲስ ነገር አይሰሙም። የምትሄጂው ወደ ጌታ ነው፤ ከትንሣኤው በኋላ ለሐዋርያቱ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ያላቸው እሱ ነው (ዮሐ. 20፥23)። ካህኑ ያንን ሥልጣን ነው ይዘው የሚጠብቁሽ።

የዕረፍት ቀን ካልሰጡሽ ወይም ከቤት መውጣት ከከለከሉሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። እግዚአብሔርን ከመውደድሽ የተነሣ ከልብሽ ተጸጸቺ፣ መንገዱ እንደተከፈተልኝ ሄጄ እናዘዛለሁ ብለሽ ቁረጪ። እንዲህ ያለው ጸጸት ከባዱን ኃጢአት እንኳ ያስተሠርያል ብላ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። መንገዱ የተከፈተ ቀን ግን ሂጂ፤ ነገ ዛሬ አትበዪ።

ለወንድምሽ የምትልኪለትን ልጻፍልሽና ላብቃ። በመጀመሪያ እናትየዋን ራሷን ጠይቋት፤ ቀስ ብላችሁ፣ «አባ መጥተው ይጸልዩልሽ?» በሏት። ብዙ ጊዜ የሚፈራው ቤተሰቡ ነው፤ በሽተኛዋ በልቧ ስትፈልገው የከረመች ሆና ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰበካው ደውሉ። ለአባ የእጥበት ቀኗ መቼ መቼ እንደሆነ ንገሯቸው፤ ከማሽን በተነሣችበት ቀን ሰው የማነጋገር አቅም የላትም፣ በማግስቱ ይሁን። መዋጥ የምትችል መሆኗንም ንገሯቸው፣ ለቁርባኑ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ መስቀል፣ ሻማ፣ ጥቂት ጥጥ አዘጋጁ። ዘይቱን አታስቡት፣ የካህኑ ድርሻ ነው። ስትናዘዝ ሁላችሁም ውጡ፣ በሩን ዝጉት፣ ቴሌቪዥኑንም አጥፉት። ስትቀባ ግን ሁላችሁም ግቡ፣ የተቆጡት ዘመዶችም ይግቡ፤ አንቺም ያን ሰዓት ማዳም ከፈቀደችልሽ በቪዲዮ ገብተሽ አብረሽ ጸልዪ። ለጸሎት ስልክ ይቻላል።