ለውሻ የመዥገር፣ የቁንጫና የልብ ትል መከላከያ እንዴት ይመረጣል?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የምኖር የመጽሔታችሁ አንባቢ ነኝ። ግቢዬን የሚጠብቁ ሁለት ውሾች አሉኝ፤ አንዱ ሠላሳ ኪሎ ግድም የሚመዝን ድቅል ነው፤ ሌላዋ ትንሽ ያገር ውሻ ናት። ቤት ውስጥ ድመትም አለች። ውሾቼን መዥገርና ቁንጫ አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚሆን አንድ የብራቬክቶ ክኒን ላከልኝና «ለልብ ትል ደግሞ በየወሩ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ፈልጊ» አለኝ። ፍየል የሚያረቡ ጎረቤቴ በበኩላቸው «ለፍየሎቼ የምወጋው አይቨርሜክቲን ሁሉንም ይጨርሳል፤ ምን አስቸገረሽ?» ይሉኛል። ክኒኑን ለሁለት ከፍዬ ብሰጣቸው ይሻላል ወይስ መርፌውን ላስወጋቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱንም አያድርጉ። ክኒኑን ሳይከፍሉ ለትልቁ ውሻ ከምግብ ጋር ይስጡት፤ ለትንሿ በክብደቷ ልክ የተዘጋጀውን ይፈልጉላት። ግማሹ ለትልቁ ያንሰዋል፤ ትንሿም ምን ያህል መድኃኒት እንደደረሳት በርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ክብደቷን ለማወቅ አቅፈዋት ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ብቻዎን ይመዘኑና ልዩነቱን ይውሰዱ። ከውሾቹ አንዱ ከዚህ በፊት ወድቆ ተንቀጥቅጦ የሚያውቅ ከሆነ ግን ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ያንኑ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ብራቬክቶ ቁንጫንና መዥገርን ለ12 ሳምንት ያህል ይከላከላል። መድኃኒቱ የሚሠራው በውሻው ደም ውስጥ ሆኖ ስለሆነ መዥገሩ የሚሞተው ከነከሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ክኒኑን በሰጡ ማግስት ውሻው ላይ መዥገር ሲያዩ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው ሌላ እንዳይደርቡበት። የልብ ትልን ግን ፈጽሞ አይነካም፤ በዚህ ረገድ ወንድምዎ ልክ ናቸው።

ጎረቤትዎ ስለ ፍየሎቻቸው የሚያውቁት ለፍየል ይሠራል። የውሻው ስሌት ግን ሌላ ነው። ለከብት በሚሸጠው ባለ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን አንድ ሲሲ ውስጥ 10,000 ማይክሮግራም መድኃኒት አለ። የልብ ትልን ለመከላከል ለውሻ በወር የሚሰጠው በኪሎ 6 ማይክሮግራም ነው፤ አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 60 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.006 ሲሲ መሆኑ ነው። ይህን ያህል ለክቶ የሚያሳይ ጭረት ያለው ሲሪንጅ በመድኃኒት ቤት አያገኙም፤ በግምት አንድ ሲሲ የተወጋ ውሻ ደግሞ ከሚያስፈልገው ከ160 እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው። እንደ ኮሊ ያሉ የእረኛ ውሻ ዝርያዎችና ድቅሎቻቸው በተፈጥሯቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ስለሚዘልቅ ይንገዳገዳሉ፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ ሊሞቱም ይችላሉ። የእርስዎ ድቅል ከየት ዘር እንደሆነ በደብዳቤዎ አልገለጹም። በዚያ ላይ ለልብ ትል በሚሰጠው አነስተኛ መጠን አይቨርሜክቲን መዥገርም ሆነ ቁንጫ አይገድልም።

የልብ ትልን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ከትንኟ ወደ ውሻው የገባው እጭ ለማደግ ስድስት ወር ያህል ይፈጅበታል፤ ያደገችው ሴት ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝምና በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ትኖራለች። ወርኃዊው መድኃኒት የሚገድለው ባለፈው አንድ ወር ገደማ የገባውን እጭ እንጂ ያደገውን ትል አይደለም። ደሙ ውስጥ ብዙ ጥቃቅን እጮች ላሉበት ውሻ ሳይመረመር ቢሰጥ እንዲያውም ድንገተኛ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ከሰባት ወር በላይ የሆናቸው ውሾች አስቀድመው የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል። ለምርመራው በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለውን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይችላሉ። መድኃኒቱ ከታዘዘልዎ፣ ብርድ ባለባቸው አገሮች አንዳንዶች እንደሚያደርጉት ለወራት ሊያቋርጡት አይገባም፤ ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ ደረጃ የታየባት ሞቃት ከተማ ናትና። ክዳን የሌለው የውኃ በርሜል ካለዎትም ይክደኑት።

በእኛ እምነት ግን ገንዘብዎንና ጉልበትዎን በቅድሚያ ማዋል ያለብዎት በመዥገሩ ላይ ነው። የትንሿን ጆሮ ገልብጠው፣ የጣቶቿን መሃልና የአንገት ማሰሪያዋን ሥር ይመልከቱ። ደም ጠጥታ እንደ ጉሎ ፍሬ ያበጠችው ሴቲቱ መዥገር ከውሻዋ ላይ ወድቃ ግድግዳ ትወጣለች፤ ስንጥቅ ውስጥ ገብታም በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። የሚፈለፈሉትም ሳይበሉ ለወራት መቆየት ስለሚችሉ፣ ውሻውን ብቻ አክሞ የውሻ ቤቱን መተው ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። የግድግዳውን ስንጥቅ ያስመርጉ፣ አሮጌውን ጆንያ ያቃጥሉ። የቁንጫ እንቁላልም ከጸጉሩ ላይ እየረገፈ መኝታው ላይ ስለሚቀር ምንጣፉን በፈላ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ፤ በድሩ ተጠቅልሎ የተኛው ለጋ ቁንጫ መርጫ መድኃኒት ስለማይደፍረው ለጥቂት ሳምንታት አዳዲስ ቁንጫ ቢያዩ አይደንግጡ። የተጣበቀ መዥገር በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ይነቀላል፤ ላምባም ሆነ ዘይት አይቀባም።

ድመትዎን አይርሷት። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ ጠብታ ድመትን ይገድላል፤ ለከብት የሚረጨው ዳያዚኖንም ለሁለቱም መርዝ ነው። ከውሾቹ አንዱ ካተኮሰው፣ ምግብ ከተወ፣ ድዱ ከገረጣ፣ ከነሰረው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ መዥገር ያመጣው የደም በሽታ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ዕለት ያሳክሙት።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። የአራት ሳምንት ቡችሎቻችን ቁንጫ ወሯቸዋል። የትኛው መድኃኒት ይሆናቸዋል?

መልስ፦ በዚህ ዕድሜያቸው መድኃኒት ባይነካቸው ይመረጣል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አንድ በአንድ ይጠቡና ብርድ ሳይመታቸው በፎጣ ይድረቁ፤ ከዚያ ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ እያበጠሩ የሚወጣውን ቁንጫ የሳሙና ውኃ ውስጥ ይጨምሩት። መኝታቸውን በየቀኑ ይቀይሩ። ለእናታቸው ግን ለምታጠባ ውሻ የተፈቀደ መድኃኒት ሐኪም እንዲመርጥላት ያድርጉ፤ የቡችሎቹ ቁንጫ ምንጭ እርሷና መኝታቸው ናቸውና። ከንፈራቸውን ገልጠው ድዳቸውን ይመልከቱ፤ ሮዝ መሆን ሲገባው ነጭ ከሆነ ቁንጫው ደማቸውን ጨርሶታል ማለት ስለሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።