ወንዙን ይዞ ወጥቶ በኮረብታው መመለስ

ለመጀመሪያው የ60 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ የብስክሌት ጉዞዎ የወንዝ ዳሩ ይሻላል ወይስ ኮረብታማው ብለው ጠይቀዋል፤ እኔ ሁለቱን በአንድ ዙር ማገናኘቱን እመርጣለሁ። የወንዝ ዳር መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ለጥ ያለ ስለሆነ ሰውነትዎን ቀስ በቀስ ያሟሙቅልዎታል፤ ዳገቱን የሚያገኙትም እግርዎ ከተፍታታ በኋላ ይሆናል። ዝናብ ከጣለ በኋላ ግን ጭቃው በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል ተጠቅጥቆ መንኮራኩሩን እስከ ማስቆም ስለሚደርስ፣ መሬቱ እስኪጠነክር መታገሥ ይበጃል።

ኮረብታውን አስቀድመው በካርታ ይመርምሩት። የከፍታ መስመሮቹ፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የካርታ መስመሮች፣ ተጠጋግተው የሚታዩበት ቦታ አቀበቱ የሚበረታበት ነው፤ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት 100 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ የ10 በመቶ ዳገት ነው። እንዲህ ባለው ዳገት፣ በተለይ ጠጠሩ ያልተጠቀጠቀ ከሆነ፣ ከኮርቻው ብድግ ሲሉ የኋላው ጎማ ክብደት አጥቶ ባለበት ይሽከረከራል፤ ስለዚህ እንደተቀመጡ፣ ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ አድርገው፣ በቀላል ማርሽ ይውጡ። በቁልቁለቱ ፍጥነትዎን ከመታጠፊያው በፊት ይቀንሱ፤ ጠጠር ላይ ተጠማዝዞ ፍሬን መያዝ ያንሸራትታል። ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ፣ አየሩ ከአስፋልት ጉዞ ቀነስ ተደርጎ፣ ለሁለቱም መንገድ ይስማማል።