ነጠላው ኖራ መሰለብኝ ላልሽው እህቴ

ቤት ውስጥ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሴቶችን በዘይት ቀለም እየሳልኩ ነው፣ ነጠላቸው ግን ኖራ የተቀባ ግድግዳ መሰለብኝ ብለሻል። በዚህ ነገር አሳሬን አይቻለሁ፣ ስሚኝ።

1. ነጩን ከቱቦው እንዳወጣሽው አትለጥፊው። ንጹሕ ነጭ የሚገባው ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ግራጫ ነው። እኔ አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና የሚባለውን ቀላ ያለ ቡናማ ቀላቅዬ ነጭ እጨምርበታለሁ፣ ጥቁር አልነካም። ደግሞ ነጠላ ላይ አጠገቡ ያለ ቀለም ሁሉ ይጋባበታል። ቄጤማ ከተጎዘጎዘ የታችኛው እጥፋት ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ በፍሙ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ብርቱካንማ። ዓይንሽን ጠበብ አድርገሽ እዪው።

2. እጥፋቱን ሰው ላይ እያየሽ አትሳዪ። ሞዴሏ ውሃ ልትጠጣ ተነስታ ስትመለስ ሌላ ነጠላ ነው የሚጠብቅሽ። ወንበር ላይ ትራስ አስረሽ አልብሺውና ቤተሰቡን ማንም እንዳይነካ በይ። ነጠላው ያልተደረበበት ቦታ ከሥር ያለውን ቀለም ያሳልፋል፣ የተደረበበት ይደፈናል። ይሄ ከጠፋ ጋቢ ይሆንብሻል።

3. ነጭ ስትገዢ ቱቦውን ገልብጪው። እኔን የበሉኝ እዚህ ላይ ነው። ሻጩን ዚንክ የሌለበት ስጠኝ ብዬው ነው እኮ! ፊቱ ላይ በትልቁ ታይታኒየም ነጭ ይላል። ጀርባው ላይ ግን በደቃቃው ፒ ደብሊው 6 እና ፒ ደብሊው 4 የሚሉ የቀለም መለያ ቁጥሮች ተጽፈዋል። 6 ታይታኒየም ነው፣ 4 ዚንክ። ዚንክ ከዘይት ጋር ሲሆን ዓመታት ባለፉ ቁጥር ይደርቅና ይሰባበራል። በዚያ ነጭ የሳልኩትን ሥዕል የገዛኝ ሰው ከዓመታት በኋላ ጠቅልሎ ዋሽንግተን ወሰደው። ሲፈታው ነጠላው ብቻ ተሰነጣጥቋል፣ ፊታቸውም ጀበናውም ደህና ነው። ፎቶውን ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ነጭ ያው ነጭ ነው፣ አሳሳልህ ይሆናል» አለኝ። አሳሳሌ! ፒ ደብሊው 6 ብቻ ባለው የሳልኩት ሳሎኔ ተሰቅሏል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነጠላውን ካልዳሰስኩ ይላል።

ጥለቱን መጨረሻ ላይ ሳዪው፣ እጥፋቱን ተከትሎ ይሰበር። ወደ ፊታቸው ግን አታውጪው፣ ለቅሶ የተቀመጡ ያስመስልብሻል።