ከአያት የተወረሱ ሁለት መብራቶች፦ የቱ ማሾ፣ የቱ የፕሮፔን?

እህታችን ከአያትዎ ከወረሷቸው ሁለት መብራቶች የትኛው የፕሮፔን እንደሆነ፣ ማሾውንም ሲሊንደር ገጥሞ በፕሮፔን ማብራት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ድሬዳዋ አሮጌ መብራት መሰብሰብ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ፣ በእጄ ካለፉት ተነሥቼ እመልስልዎታለሁ።

መለያው የመብራቱ የታችኛው ክፍል ነው። ማሾ ነጭ ጋዝ የሚሞላበት የነሐስ መያዣና በእጅ የሚነፋ ፓምፕ አለው፤ ነጭ ጋዙ በአየር ግፊት ወደ ላይ ወጥቶ በጋለ ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ይተንና ይነዳል፤ ቧንቧው ግን አስቀድሞ በአልኮል ነበልባል መሞቅ አለበት። ፕሮፔን ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጋዝ ሆኖ ስለሆነ ፓምፕም ማሞቂያም አያስፈልገውም። የሚያመሳስላቸው ብርሃን የምትሰጠው የክር ከረጢት ናት፤ ይህችን ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በ1885 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦባታል። በአሮጌዎቹ ውስጥ ቶሪየም ስላለ፣ ስትፈርስ ብናኟን ወደ ውስጥ አይሳቡ።

የማሾውን ዓይነት ለማወቅ ቧንቧውን ይመልከቱ። የጀርመኑ ፔትሮማክስ ቧንቧ ከከረጢቷ ጎን ወጥቶ ከላይ ይጠመዘዛል፤ የእንግሊዙ ቲሊ መካከሏን ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የአሜሪካኑ ኮልማን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ከረጢት ጎን ለጎን ያንጠለጥላል፣ ከሥሩም የተሠራበት ወርና ዓመት ታትሞበት ይገኛል። ኮልማን ከሆነ የነዳጁን ዓይነት ሳያረጋግጡ አይሙሉ፣ አብዛኞቹ የሚሠሩት በተጣራ ቤንዚን ነውና። እባክዎ በአሸዋ ወረቀት አይፈትጉት። ከከፊራ ገበያ የገዛሁትን የመጀመሪያ ፔትሮማክስ እስኪያብረቀርቅ ስፈትግ ኒኬሉን አንሥቼ፣ የተቀረጸውንም ጽሑፍ አብሬ አጠፋሁት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል።

ሲሊንደር ስለ መግጠም ግን መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፦ አያድርጉት። የማሾ መያዣ የተሠራው ለሁለት ባር ገደማ ግፊት ነው፤ ፕሮፔን ግን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 8 ባር ያህል ግፊት አለው፣ እኛ በምናውቀው የ40 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ ከ12 ባር ያልፋል። የበርነሩ ቀዳዳም ለሌላ ነዳጅ የተለካ ነው። የፕሮፔኑን መብራት ከመለኮስዎ በፊት የጎማ ቱቦውን ይለውጡ፣ ደጅ አውጥተውም መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነውና ወዲያው ይዝጉት። የማሾውን ሥርና የቧንቧውን ፎቶ ቢልኩልን ዓይነቱን አብረን እንለያለን።