መልስ፦ የጋላራጋ የቤዝቦል ጨዋታ ለምን «ፍጹም» ተብሎ አልተመዘገበም?

ወንድሜ፣ «ፍጹም ነበር ከተባለ መዝገቡ ላይ ለምን አንድ ምት ይታያል?» ላልከው፣ የተሳሳተው መዝገቡ ሳይሆን ዳኛው ነው። ጨዋታ «ፍጹም» የሚባለው ወርዋሪው 27ቱንም መቺዎች አንዱንም ቤዝ (መቺው ሮጦ የሚደርስበት ማረፊያ) ሳያደርስ ሲያስወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2010 ዲትሮይት ላይ የታይገርስ ቡድን ወርዋሪ አርማንዶ ጋላራጋ 26 የክሊቭላንድ መቺዎችን በተከታታይ አስወጣ። አንድ ብቻ ቀረው! 27ኛው ጄሰን ዶናልድ ወደ አንደኛው ቤዝ ሲሮጥ ኳሱ በግልጽ ቀድሞታል፤ ዳኛው ጂም ጆይስ ግን «ደርሷል» ብለው ፈረዱ። መቺው መትቶ ቤዝ ከደረሰ «ምት» ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ መዝገቡ ላይ ያየሃት አንድ ምት እርሷ ናት። ጋላራጋ ቀጣዩን መቺ አስወጥቶ በ88 ውርወራ 3 ለ 0 አሸነፈ። ጆይስ ፊልሙን አይተው ስህተታቸውን አመኑ፤ የሊጉ ኮሚሽነር ቡድ ሲሊግ ግን ውሳኔውን አልሻሩም። በቪዲዮ እንዲህ ያለውን ፍርድ ማረም የተፈቀደው በ2014 ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን በዚያች ቅጽበት ጋላራጋ ፈገግ ማለቱ ነው።