ጨረቃዋ በዚያ ሰዓት የት ናት?

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቤቴ አራት ኪሎ ነው።

የካቲት 24 ቀን 2018 ማታ የጎረቤቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ጨረቃ ዛሬ ቀልታ ትታያለች ተብሎ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጣሪያ ላይ ጠብቄ ምንም የለም» አለኝና ስልኩ ላይ ያየውን ቪዲዮ አሳየኝ። ቪዲዮው ውሸት አልነበረም። ጨረቃ በዚያ ቀን በእርግጥ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳለች፤ ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ4 እስከ 9 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ጨረቃ ለእኛ ገና አልወጣችም። ያዩት በምሥራቅ እስያ፣ በአውስትራሊያና በአሜሪካ ያሉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ቅር ብሎት ወረደ። እኔን ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ምክንያቱም ይህን ራሱ በሁለት ደቂቃ ሊያውቀው ይችል ነበር።

የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው። ምድር በፀሐይና በጨረቃ መካከል ትገባና ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል። ታዲያ ለምን በየወሩ አይሆንም? ይህን የሚጠይቀኝን ተማሪ በጣም ነበር የምወደው። የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ ጋር አይገጥምም፣ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ዕድሉ የሚመጣው በየስድስት ወሩ ገደማ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንዳንዴ ጠርዟ ብቻ ይነካል።

የት ይታያል? እዚህ ላይ ከፀሐይ ግርዶሽ ጋር አታምታቱት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን እኛ አዲስ አበባ ያየነው በከፊል ብቻ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ እንዲህ አያዳላም። በዚያ ሰዓት ጨረቃ የወጣችለት አገር ሁሉ እኩል ያያል። መነጽር አያስፈልግም፣ የመንገድ መብራትም አያግደውም። ከመስቀል አደባባይ ቆሞ ማየት ይቻላል። ጠላታችን ደመና ነው፤ ሐምሌ 20 ቀን 2010 የዚህ ክፍለ ዘመን ረጅሙ ግርዶሽ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ሲቆይ እኔ ክረምቱን እየለመንኩ ነው ያመሸሁት።

ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት ሰዓቱ ላይ ነው። የውጭ ሰዎች ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በግሪንዊች ሰዓት ይጽፋሉ። 3 ደምሩ፣ 6 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ፣ አለቀ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ለነበረው ግርዶሽ 17:30 ብለው ጽፈው ነበር። 3 ሲደመር 20:30፣ 6 ሲቀነስ 14:30፣ 12 ሲቀነስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል። ሙሉ ጨረቃ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትወጣ ያን ጊዜ ወጥታለች፣ ስለዚህ የእኛ ነው። ያን ምሽት ጨረቃን ያቀላት ብርሃን የምድርን አየር ጠርዝ አቋርጦ የሚመጣ ነው፤ አየሩ ሰማያዊውን በትኖ ቀዩን ወደ ጥላው ያጎብጠዋል፣ ጀንበር ስትጠልቅ ሰማዩን የሚያቀላውም ይኸው ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ሰጠሁት። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021፣ እሑድ፣ ሙሉ ግርዶሽ፣ የሚጀምረው በግሪንዊች 16:16። ለእኛ ይታያል ወይ? አልኩት።

በማግስቱ ወረቀት ይዞ መጣ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ16፣ ጨረቃ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ በጋ ስለሆነ ሰማዩም ሳይጠራ አይቀርም፣ ብሎ ጽፏል። ከሥር ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረበት፦ ገና ዝቅ ስለምትል በምሥራቅ በኩል ያሉት ፎቆች ይጋርዱናል፣ ጣሪያ ላይ መውጣት አለብን። ጋቢ እንዳይረሳ ነግሬዋለሁ፤ ታኅሣሥ ይበርዳል።